የመንዝ ሰዎች፣ እጃችሁን ከመቃብሩ አንሡ

የአገሬ ሰዎች፣ የምናገረው ለእናንተው ነው፤ ቅር የሚለውም ቅር ይበለው።

ባለፈው ጥር፣ በልጅነቴ በግ ስጠብቅ ዝተቴን ተከናንቤ ከነፋስ ወደምጠለልበት የድንጋይ ክምር ወጥቼ ነበር። መሐሉ ተቦርቡሯል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተዛቀው አፈር ውስጥ የጥቁር ሸክላ ስባሪና የጣት አጥንት አየሁ። ከጎኑ ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ ወድቃለች። ቆፋሪው ወርቅ ሲፈልግ ረግጧት አልፏል።

ይህ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ አይደለም፤ መቃብር ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹ ፎቬልና ፕዋሶኒዬ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ደጋ ክርስቲያንም እስላምም ያልሆኑ ሰዎች እንደኖሩ፣ ባላባቶቻቸውንም በእንዲህ ያለ ክምር ሥር ከሸክላና ከዶቃ ጋር ይቀብሩ እንደነበር አሳይተዋል። «የሻይ ባህል» ይሉታል፤ ስሙ ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም። ላሊበላ ሲታነጽ እነዚህ ሰዎች እዚሁ ነበሩ። ጽሑፍ ግን አልተዉልንም። ታሪካቸው ያለው ሬሳው በተጋደመበት አኳኋን፣ ዶቃው ከአንገት ይሁን ከወገብ በተገኘበት ስፍራ ነው። አንዴ በአካፋ ከተገለባበጠ የትኛውም ሊቅ መልሶ አያነበውም።

«የአረመኔ መቃብር ነው፣ ምን አለበት?» ያለኝ ሰው አለ። ደነገጥሁ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይል የሟች ስም የማያነሣ ሕዝብ እንዴት ሙት ቆፋሪ ይሆናል?

እኛ እኮ ጓሳን፣ ያንን የጋራ የሣር ምድራችንን፣ ቄሮ በሚባለው የአባቶች የግጦሽና የአጨዳ ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ የጠበቅን ሰዎች ነን! የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራው ሳይፈቅድ አንድ እፍኝ ሣር አይታጨድም ነበር። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይከርም ነበር፤ የቤቱ ክዳን ያረጀበትም ይታገሥ ነበር። ሣር እንኳ ቢታጨድ ተመልሶ ይበቅላል።

ሕጉ አለ። ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዛል። ቆፋሪውን ከፖሊስ ቀድማችሁ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። በሌሊት አካፋ ይዞ የወጣው የማን ልጅ እንደሆነ መንደሩ እያወቀ ዝም ይላል። ለበረት ካብ ብላችሁ ከክምሩ ድንጋይ የምታወርዱም ተዉ፣ ድንጋይ ሞልቷል።

አጥንቱንና ዶቃዋን ካሉበት ሳላነሣ አፈር መለስሁባቸውና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነገርሁ። ጉድጓዱ ግን እስካሁን ክፍት ነው። ባለሙያ እስኪመጣ በጓሳ ሣር እንክደነው፤ ኑ፣ ጎርፉ አጥንቱን ጠርጎ ገደል ሳይከተው፣ ክረምት ሳይገባ።