ቀላቅሉ፣ ግን ንገሩን

ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ልጄ ሲሊያክ የሚባል በሽታ አለባት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ ትንሹን አንጀቷን ያጠቃዋል። አንጀቱ ሲጎዳ የበላችው ምግብ አይሆናትም። ትከሳለች፣ ደም ያንሳታል፣ እድገቷ ወደ ኋላ ይቀራል። የሚያድን ክኒን የለውም። ያለው መፍትሔ ግሉተን ያለበትን ነገር ዕድሜ ልክ አለመብላት ነው፤ ፍርፋሪም ቢሆን።

ሐኪሙ "ጤፍ ያለበት አገር ናችሁ፣ አይዟችሁ" አለን። እውነቱን ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለውም። ውጭ አገር ያሉ ሕመምተኞች ዱቄቱን በውድ እየገዙ ይጋግሩታል። እኔ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ከአደአ ጤፍ የጫነው መኪና በደጃችን ነው የሚያልፈው። ግን ለልጄ የሚሆን አንድ እንጀራ ከሱቅ መግዛት አልችልም!

የሰፈራችንን እንጀራ ሻጭ "ንጹህ ጤፍ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ንጹህ ማኛ ነው እህቴ" አለችኝ። የልጄን ነገር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለልጅማ ከሆነ አትውሰጂ፣ ትንሽ ፊኖ አለበት" አለች። ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። ግን ባልጠይቅስ? ባላስረዳስ?

ጤፍ እንደተወደደ አውቃለሁ። ሴትየዋም ልጆች ታሳድጋለች። መቀላቀሏን አልጠላባትም። ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ቢገባበት እንኳ ለልጄ ችግር የለውም፤ እነሱም ግሉተን የላቸውም። ችግሬ ከስንዴና ከገብስ ጋር ነው። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል አገሩ ሁሉ ይጮሃል፣ መጮህም አለበት። ፊኖ ሲገባ ግን የሚናገር የለም፤ ምግብ ነዋ። ለልጄ ግን ምግብ አይደለም።

"ፊኖ ካልገባበት አይለሰልስም" የሚሉኝም አሉ። ይሄ ልክ አይደለም። ዳቦ ነው ግሉተን የሚፈልገው፤ ሊጡን የሚያለጥጠው፣ አየር ይዞ የሚያስነሳው እሱ ነው። እንጀራን የሚያቦካው እርሾው ነው። የሚያያይዘው ደግሞ አብሲቱ ነው። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተወስዶ፣ በፈላ ውሃ በስሎ፣ ተመልሶ ሲገባ ሊጡ ይይዛል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። እናቶቻችን በዚህ ነው የኖሩት።

ለዚያው ነው ዳቦ ቤት "የጤፍ ዳቦ" የሚል ሳይ የምናደደው። ውስጡ ምን ያህል ስንዴ እንዳለ ማን ይነግረኛል? ስጠይቅ ሻጩ ልጅ "የጤፍ ነው" ብቻ ይለኛል። ጤፍ አለበት ማለትና ጤፍ ብቻ ነው ማለት ለኛ ቤት የጤናና የሕመም ልዩነት ነው።

"ታዲያ ራስሽ ለምን አትጋግሪም?" ትሉኛላችሁ። እጋግራለሁ። መብራት ሲኖር። ጤፉን ራሴ ገዝቼ፣ አበጥሬ ወፍጮ ቤት እወስዳለሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የበርበሬው ወፍጮ ለብቻው ነው፤ ሽታው ስለሚያስታውቅ ሰው ይጮሃል። ጤፉና ስንዴው ግን በአንድ ድንጋይ ይፈጫሉ። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ስንዴ ድንጋዩ ላይም፣ ዱቄቱ የሚወርድበት ላይም ይቀራል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖርበት ይላል። በስንዴ ዱቄት ብናስበው በጣት ጫፍ ቆንጠር የምትደረግ ናት። ወፍጮው ላይ የሚቀረው ግን ከዚያ ስንትና ስንት እጥፍ ነው። ፈጪውን "መጀመሪያ አጽዳልኝ" ስለው ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ያጉረመርማል። ሽሮም ያው ነው፤ አተሩ ምንም የለውም፣ ወፍጮው ነው የሚያበላሸው።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን "ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?" የሚባለው ነው። ዘመድ ቤት ስንሄድ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ የገብስ ቆሎ ይዞራል፣ በሶ ይበጠበጣል። ልጄ እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች። አማቴ በፍቅር ነው የምታጎርሳት፣ አውቃለሁ። ግን ያቺ ጉርሻ ልጄን አልጋ ላይ ታውላታለች። ይሄ ቅምጥልነት አይደለም። የፈረንጅ በሽታም አይደለም። የኔ ልጅ እዚሁ ነው የተወለደችው።

እንጀራ የምትሸጡ እህቶች፣ የቀላቀላችሁትን ንገሩን። "ጤፍና ሩዝ"፣ "ጤፍና ስንዴ" ብሎ በካርቶን ላይ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚፈልገው ይገዛል፣ የማይሆነው ይተወዋል። ዳቦ ቤቶችም እንደዚሁ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን አካባቢ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስንዴና ገብስ ጭራሽ የማይገባበት ማለቴ ነው። ራቅ ቢልም እመጣለሁ።