ዲፕሎማ ወይስ ዶማ?

ነገሩ የተነሳው ቡራዩ፣ በአንድ የሰፈር ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም። አሁን ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ደረጃ 4 መያዝ ፈልጓል፤ ሰዉ ዛሬም ዲፕሎማ የሚለውን። ይግባ ወይስ ይቅርበት? ሁለት ጎረቤቶቹ ተራ በተራ እንዲጽፉ ጠየቅናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የልማት ሠራተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ መንገድ ዳር ችግኝና አበባ ትሸጣለች።

ጡረተኛው፦

ይግባ እንጂ! መጀመሪያ ግን ልጁን “ወደቀ” ማለት ይቅር። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ልጅ ሁሉ ቤት ይዋል?

ከሰፈራችን በታች ያለውን ቦረቦር ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ክረምት ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ተሠርቶለት ነበር። ሽቦው አዲስ፣ ድንጋዩ የተመረጠ። ሐምሌ ሳይጋመስ ውሃው በጎን ዞሮ ሄደ። ጋቢዮኑ ሰው ጥሎት እንደሄደ ሶፋ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ሄጄ አየሁት። ጫፎቹ ወደ ገደሉ ግድግዳ ተቆፍሮላቸው አልገቡም። አናቱ ላይ መሐሉ ዝቅ ተደርጎ ለውሃው ማለፊያ አልተተወም። ውሃው ወርዶ የሚያርፍበት ቦታም ድንጋይ አልተነጠፈበትም። ሦስቱም ስህተት ገና በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የሚታረም ነው።

ሌላ ላንሳ። ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። እርከን የሚቀየሰው በዚህች ነው። ቀላል ትመስላለች። ውሃ ልኳ ከመሐል ከሸሸች ግን ሲባጎው ይዋሻል፣ እርከኑም ውሃ መያዙ ቀርቶ ውሃ መንጃ ቦይ ይሆናል። ይህን በዓይን ግምት እሠራለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እርከኑ አንድ ክረምት አልቆየም።

ችግኝ ሻጯ፦

ጋሼ፣ ያንን ጋቢዮን ማን ሠራው? ወረቀት የሌለው ሰው አሠሩኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ባለሙያ ተብለው የመጡ ናቸው የሠሩት።

እኔ ትምህርት አልጠላም። ግን ቀጣሪው ማን ነው? በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኛ ይመደባል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የልጁ ድርሻ እንግዲህ አንዷ ወንበር ናት። ያውም ገጠር ነው እንጂ እኛ ጋ ማሳው አልቋል። እርስዎ በወጣትነትዎ ያሠሩት እርከን ላይ እኮ ዛሬ ጂ+2 ቆሞበታል።

የወንድሜ ልጅ ዲፕሎማውን ይዞ ሦስት ዓመት ሠራ። ሥራው ቅጽ መሙላት ነበር። ስንት ችግኝ ተተከለ የሚል ዓምድ አለ። ስንት ጸደቀ የሚል የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እልል ብያለሁ፤ ሰው ለዛፍ ሲወጣ ማየት ለእኔ ገበያም ደስታም ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በየክረምቱ ኮፍያና ባጅ ያደረጉ ሰዎች ችግኝ ከነፕላስቲኩ ሲቀብሩ አይቻለሁ። አንዱን በጥቅምት ነቀልኩት። እንደገባ ወጣ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ድውር ተጠምጥሞ ነበር።

ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደንን ጥድ አስቡት። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ዘሩ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን መጥቶ ነው የተተከለው ይባላል። ያኔ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና ማን ተፈተነ?

ጡረተኛው፦

የፕላስቲኩን ነገር ተቀብያለሁ፤ አፍሬም አንብቤዋለሁ። የሱባው ግን አሳቀኝ። እህቴ፣ ባሕር ዛፍም እኮ በምኒልክ ዘመን ያለ ዲፕሎማ ነው የገባው። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፣ አልክድም። ግን እንጦጦ ላይ ከሥሩ ቆመሽ መሬቱን እዪው። ራቁቱን ነው፣ ዝናቡን የሚይዝ ሣር የለውም። የትኛው ዛፍ የት ይተከል የሚለው ጥያቄ ሙያ ይፈልጋል።

ጂ+2 ያልሽው ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጣሪያና አስፋልት በበዛ ቁጥር ውሃ የሚሰርግበት መሬት ያንሳል። ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ የገፈርሳ ዓይነት ግድብ ውስጥ የሚተኛው ደለል ከዚሁ ዓይነት ዳገት ተጠርጎ የሄደ አፈር ነው። እና ሥራው አለቀ ነው የምትዪኝ?

ወንበሯም አንድ ብትሆን መሰላል አላት። የእህቴ ልጅ አሜሪካ አሶሺዬት ዲግሪ የሚሉትን 2 ዓመት ተምሮ፣ ክሬዲቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ገባ። እኔም በዲፕሎማ ጀምሬ ዲግሪዬን በክረምት ነው የጨረስኩት። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ዝግ አይደለም።

ችግኝ ሻጯ፦

ሥራው አለ፤ ደመወዙ ነው የጠፋው። ቦረቦሩ ቤታችንን ሲበላ ሁላችንም ባለሙያ እንፈልጋለን። ክረምቱ ሲወጣ ግን የሚከፍል የለም።

በአንድ ነገር ግን አሸንፈውኛል፤ ውሃ ልኳን። እኔ 15 ዓመት ስተክል ዳገት ለክቼ አላውቅም። ስለዚህ ልጁ ይመዝገብ፣ አልከለክልም። ከመስከረም በፊት ግን እኔ ጋ ይሥራ፤ የቀን አበል እከፍለዋለሁ። አፈር ይንፋ፣ ፍግ ያደባልቅ፣ ፕላስቲክ ይሙላ። ችግኝ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ለምን ውሃ እንደሚቀነስበት እኔ አሳየዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ይላኩት ጋሼ። ቦት ጫማ ይያዝ፤ ሲባጎውንና ውሃ ልኳን ደግሞ እርስዎ ይዘው ይምጡ።