ለጉሬዛ ብስኩት የሚያደርስ ትውልድ

የጅማ ልጅ ተራራ ወጪ ሆነ። እሰይ፣ ዓይናችን ይህንንም አየ! እሁድን ከጫት ቤት ወደ ኳስ ማሳያ፣ ከኳስ ማሳያ ወደ ጫት ቤት ሲመላለስ ይፈጃት የነበረው ወጣት ዛሬ ደረቱ ላይ «ተፈጥሮን እንታደግ» የሚል ቲሸርት አጥልቆ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ አውቶቡስ ይጠብቃል። ወዴት ነው ሲሉት «ሀይኪንግ» ይላል። ምን ልታይ ሲሉት «ዝንጀሮ» ይላል። የሚሄደው ወደ በለጤ ጫካ ነው፤ እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ ጉሬዛ ነው። ይህ ግን የጉዞው አዘጋጅ ጉዳይ ነው፤ ቲሸርቱ እንደሆነ ታትሟል።

ይህን ትውልድ ደን ረበሸ፣ አውሬ አስለመደ እያሉ የሚያሙት አሉ። የቅናት ወሬ ነው። እኔ በበኩሌ ውለታው ተቆጥሮ አያልቅም ባይ ነኝ፤ ጥቂቱን ብቻ ላነሳሳ።

ሰዓት አክባሪነቱን እናስቀድም። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ንቅንቅ! የቀረ ቀረ!» ተብሎ በቴሌግራም የተለፈፈው ጉዞ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ይህ ስንፍና የሚመስለው ሰው ካለ የጉሬዛን ጠባይ አያውቅም። ጉሬዛ ማለዳ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቅጠሉን ይቀጥፋል፣ ቀትር ሲሆን ጥላ ውስጥ ገብቶ ያንቀላፋል። ማልዶ የደረሰ ጎብኚ ቁርሱን ሲበላ ሊያየው ነው። በእኛ ባህል ደግሞ ሰው ሲበላ አፉን አያዩትም። ልጆቻችን ጨዋ ስለሆኑ በልቶ እስኪተኛ ይጠብቁና ያን ጊዜ ይቀሰቅሱታል።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይባል የለ? በአውቶቡሱ በር ላይ ያለውን ግፊያ ያየ ሰው ተረቱን ደግሞ ማስረዳት አያስፈልገውም። አንዷ መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ለጓደኛዋ፣ ጃኬቷን ለጓደኛዋ ወንድም፣ የውሃ እሽጉን ደግሞ ገና ለምታገባው ባል ይሁን ለማን እንጃ፣ አራት ወንበር ይዛ ትጠብቃለች። አዘጋጁ «ኧረ እህቴ፣ ሰው ቆሟል» ሲላት «ይመጣሉ አልኩህ እኮ!» ትላለች። ሰቃ እስኪደረስ ድረስ የሚመጣ የለም።

አሁን ደግሞ ምን ያህል እንደምንበልጥ እንዲታወቅ ወደ ሩዋንዳ ልውሰዳችሁ። በቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክ የተራራ ጎሪላ ለማየት አንድ የውጭ አገር ጎብኚ የሚከፍለው 1,500 ዶላር ነው። ለስንት ቀን? ለአንድ ሰዓት። ሰዓቷ ስትሞላ «ደህና ዋሉ» ነው። ወደ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚገባው 8 ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ራቅ ብሎ ይቆማል። ጉንፋን የያዘው አይገባም። አጠገባቸው መብላት ክልክል ነው፤ መጮህ ክልክል፤ የካሜራ ፍላሽ ክልክል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ጎሪላ በዘሩ ለሰው ቅርብ ስለሆነ የእኛ ጉንፋን እሱን ይገድለዋል ይላሉ። በእንዲህ ያለ ንፉግ አያያዝ የተራራ ጎሪላ ቁጥር ከ1,000 በላይ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአደጋ ደረጃው አንድ እርከን ተሻሻለለት። ደግ ነው፤ ግን ምን ጨዋታ አለው?

እኛ ዘንድ እኮ ምሳና ቲሸርት ተጨምሮ በጥቂት መቶ ብር፣ ስልሳ ሰው ባንድ ጊዜ፣ ከነጉንፋኑ፣ ቀኑን ሙሉ ነው! ርቀት ብሎ ነገር የለም፤ ጉሬዛው ራሱ ርቀቱን ካልጠበቀ በቀር። የሩዋንዳ ሰዎች ለልምድ ልውውጥ ቢመጡ በደስታ እንቀበላቸዋለን። ቲሸርት ግን ቀድመው ይዘዙ።

ዳያን ፎሲ የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያው ተራራ ላይ ካሪሶኬ የተባለ የምርምር ጣቢያ አቋቋመች። ጎሪላዎቹ እንዲለምዷት ብላ ጭቃ ላይ እየዳኸች፣ ቅጠል የምታኝክ እየመሰለች፣ ሲጠግቡ የሚያሰሙትን ድምፅ እየቀዳች ዓመታት ደከመች። እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው በሰው እጅ ተገደለች፤ የተቀበረችውም ከጎሪላዎቿ ጎን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስትለፋ «ስፒከር የሚባል ነገር አለልሽ» ብሎ የነገራት ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል። የእኛ ልጆች ከአውቶቡስ በወረዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ አንድም ቅጠል ሳያኝኩ፣ መምጣታቸውን ጫካው በሙሉ ያውቃል። (ቅጠል ሳያኝኩ ማለቴ ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ገና ሰቃ ሳይደርሱ ጀምረዋል።)

ሀይኪንጉ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ለዳንስ የሚመች ሜዳ እስኪገኝ ድረስ ይኬዳል፤ ሜዳው ሲገኝ ያበቃል። ነጭ ስኒከር ጭቃ አይወድም።

ጉሬዛውን ግን ቀረብ ብለን እንየው፤ እንዳጋጣሚ አጠገቤ አንድ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ እያነጋገረው ነበር። ጥቁር ነው። ከትከሻው ወደ ጎኑ ነጭ ፀጉር እንደ ካባ ወርዶለታል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር ያ ነጩ ይዘረጋል፣ የጅራቱ ጎፈሬ ይከተላል። ፊቱ በነጭ ተከቧል። አውራ ጣት የሚባል ነገር የለውም፤ ቅርንጫፉን የሚጨብጠው በአራት ጣቱ ነው። ሆዱ ክፍል ክፍል አለው፤ እዚያ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ያንን ሻካራ ቅጠል እያብላሉ ያበሉታል። ስኳር የበዛበት ነገር ሲገባበት ይህ ሁሉ አሠራር ይታወክበታል።

ልጁ የያዘው ክሬም ብስኩት ነበር።

«እንካ! እንካ ወንድሜ፣ ቸኮሌት አለበት!» ይለዋል። ጉሬዛው ከላይ ቁልቁል ያየዋል፤ አይወርድም። «ኮራብኝ» አለ ልጁ። ጓደኛው ስልኩን ወድሮ «ወርውረው፣ እየቀረጽኩ ነው!» ይላል። ብስኩቱ ተወረወረ፣ ቅርንጫፍ ነካ፣ ተመልሶ የወርዋሪው ግንባር ላይ አረፈ። «ያዝከው?» «አልያዝኩትም፣ ድገመው!» ደገመው። ሰለሰው። እሽጉ ሲያልቅ ሙዝ ተከተለ። ላይክ የሚያደርግበት አውራ ጣት እንኳ ለሌለው እንስሳ ይህን ያህል የሚደክም ትውልድ ከወዴት ይገኛል?

ዕውቀትንም አቅልሎልናል፣ ይህን አልደብቅም። የሥነ ሕይወት መምህራን ጉሬዛ ሌላ፣ ጦጣ ሌላ፣ ዝንጀሮ ሌላ፣ ጭላዳ ሌላ እያሉ ሲያስጨንቁን ኖሩ። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ አንድ ጠቆር ያለ የጦጣ ዝርያ አለ፤ እሱን ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተመራማሪ አለ። ልጆቻችን ሁሉንም ባንድ ቃል ጠቅልለውታል፦ «እዪው! እዪው! ዝንጀሮ!» ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውት ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ላይ ጥርሳቸው በደንብ ይታያል፤ እንስሳው ያለበትን ቦታ ለማወቅ ግን በቀይ ቀለም ማክበብ ያስፈልጋል።

ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ በበለጤ አይወሰንም፣ እስከ ስሜን ተራሮች ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከፍተኛ ጫፉ ከ4,500 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። እዚያ ያለው ጭላዳ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው፣ ሌሊቱን ገደል ላይ የሚያድር፣ በወገኖቹ መካከል ሣር እየነጨ የሚኖር እሱ ብቻ የሆነ። ጎብኚ ዝም ብሎ ሣሩ ላይ ቁጭ ካለ መንጋው እየነጨ በአጠገቡ ያልፋል። አስጎብኚ ይቀድማል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይከተላል። ከጅማ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 3,600 ሜትር ላይ ካለው ጨነቅ የደረሰ ጀግናችን መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ «ኔትዎርክ አለ ወይ?» የሚል ነበር አሉ። ቀጥሎ እስክስታ ሞከረ። በሁለተኛው ትከሻ ላይ ትንፋሹ ተቆራረጠና ቁጭ አለ፤ ያን ጊዜ ነው ጭላዳዎቹ የቀረቡት። ቪዲዮው ላይ የጻፈው «ከዝንጀሮ ጋር ተግባባን» የሚል ነው።

ወደ በለጤ ልመለስ፤ ምስጋናው ገና አላለቀም። በለጤ ጌራ ደን ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ዋቡብ የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት አሏቸው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የተዋቀሩ ናቸው፤ ገበሬው ደኑን ይጠብቃል፣ ከጥላው ሥር የበቀለውን ቡና ይለቅማል፣ ቡናው የደን ቡና ተብሎ ይሸጥለታል። ዓመታት የፈጀ ስብሰባ፣ ወሰን ማካለል፣ ስምምነት። ጃፓኖች መቼስ ነገር ማክበድ ይወዳሉ። የእኛ ቡድን በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ደኑ ውስጥ የራሱን አሻራ ትቶ ይመለሳል፦ ባዶ ሃይላንድ፣ የብስኩት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ ያለቀ ባትሪ፤ ግራር ይሁን ዋንዛ ባልለየው ግንድ ላይ ደግሞ በቢላዋ የተቀረጸ ልብና ሁለት የስም መነሻ። «ተፈጥሮን እንታደግ» የሚለው ቲሸርት አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ተረስቶ ያየሁ ጊዜ በእውነት ልቤ ተነካ፤ ደኑም የቡድኑ አባል ሆነ ማለት ነው።

ጦጣዎቹንም አንርሳ። ጉሬዛው ኩሩ ነው ብለናል፤ ጦጣ ግን ሰው አክባሪ ነች። ድሮ ሰው ስታይ ትሸሽ የነበረችው ዛሬ የአውቶቡስ ድምፅ ስትሰማ ከነልጇ አስፋልት ዳር ወርዳ ትሰለፋለች። ፌስታል መፍታት ተምራለች፤ የቦርሳ ዚፕ መክፈት ላይም ጥሩ ደረጃ ደርሳለች። አንዷ የልጅቷን ሳንቡሳ ከነሶፍቱ ወስዳ ዛፍ ላይ ስትወጣ ሰዉ በጭብጨባ ሸኛት። ሌላዋ ብስኩት ሲያሳይ ቆይቶ የደበቀባትን ጎረምሳ እጁን ነክሳው፣ ልጁ ማታውኑ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ጤና ጣቢያ ተሰልፏል። ይህም ገጠመኝ ነው፤ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ፎቶው ተለጥፏል።

ልንሳፈር ስንል ወንጭፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ አንድ ገበሬ ከበቆሎ ማሳቸው ማማ ወርደው መጡ። አዘጋጁን እጁን ጨብጠው፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ቆይተው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ እሁድ ስትመጡ ጦጣዎቹ ወደናንተ ይወርዳሉ። ለምደዋል። ሰኞ ደግሞ ይወርዳሉ፤ እናንተ የላችሁም። ያን ጊዜ የሚገቡት ማሳዬ ውስጥ ነው።»

አዘጋጁ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ አዳመጣቸው። «ገብቶኛል አባባ» አላቸው። «ግን ሰኞ ሁላችንም ሥራ ነን። ቅዳሜን ጨምረን ለመምጣት ግን እየተነጋገርን ነው።»