ካዋይ ዘገየ እንጂ አላታለለም

የመንዙ ወንድማችን፣ «ካዋይ ሌናርድ በ2019 ሌከርስን አንጠልጥሎ ጉድ ሠራው» ላልከው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)፤ ይህ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ኮከብ ሌከርስን ትቶ ክሊፐርስ የተባለውን ክለብ እስኪመርጥ ስድስት ቀን ገደማ ማስጠበቁ እውነት ነው፣ ግን በከንቱ አልነበረም። ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ከክለቦች ጋር የሚደራደሩበት ገበያ የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ለ24 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ያመሸ ያውቀዋል። ትልልቅ ውል መፈረም የሚጀመረው ግን ሰኔ 29 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። እስከዚያ ያለው የቃል ስምምነት ነው፣ ቃል ደግሞ አያስርም። ተጫዋቹ ዲአንድሬ ጆርዳን በ2015 የዳላስን ክለብ እሺ ብሎ ተመልሶ ለክሊፐርስ መፈረሙን አትርሱ።

ካዋይ ገንዘብ ቢፈልግ የነበረበት ክለብ ቶሮንቶ ለ5 ዓመት ወደ 190 ሚሊዮን ዶላር መስጠት ትችል ነበር፤ ሌላው ክለብ ከ4 ዓመትና ከ141 ሚሊዮን ገደማ አያልፍም። የፈለገው ሌላው ኮከብ ፖል ጆርጅ አብሮት እንዲጫወት ነው። ጆርጅ ደግሞ በኦክላሆማ ክለብ ውል የታሰረ ስለነበር ክሊፐርስ በለውጡ ተጫዋቾቹን ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርንና ጋሊናሪን፣ በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾች ከሚመረጡበት ድራፍት ደግሞ 5 የመጀመሪያ ዙር የመምረጥ መብትና 2 የምርጫ ተራ ቅያሪ ከፈሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ስልክ አያልቅም። (ሼይን መስጠታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባል፤ በ2025 ኦክላሆማን ለዋንጫ አበቃ።)

ሌከርስ የተጎዳው ሊጉ ለክለቦች ካስቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ ሥር ለካዋይ የሚሆን ቦታ ይዞ ሲጠብቅ ነው፤ ሌሎቹ ክለቦች በዚያው ሰሞን የሚፈልጉትን ተጫዋች ለቃቀሙ። የቶሮንቶ ባልደረባው ዳኒ ግሪንም የካዋይን ውሳኔ ሲጠብቅ ስለቆየ ብቻ ተረፈላቸው። ያም ሆኖ በ2020 ዋንጫውን ያነሱት ሌከርሶች ናቸው፣ ታዲያ ለቅሶው ምንድን ነው?