ዋንዛውን አትንኩብኝ!

ዛሬስ ልተንፍስ። አንድ አሮጌ ቡፌ ለወጥ ቤት እንዲሆን አስተካክሎ የሚሰጥ አናጢ ደሴ ውስጥ ማግኘት ለምን እንዲህ መከራ ሆነ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ቡፌው የአያቴ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ዋንዛ። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ቦታ የለውም። ወጥ ቤት ቢገባ ግን የእቃ መደርደሪያም የመክተፊያ ጠረጴዛም ይሆናል። ቁመቱ ስለሚያጥር ከስሩ እግር ይቀጠልለትና 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይድረስ፤ ቆሞ የሚሠራ ሰው ወገቡን እንዳያመው። ከላዩ ሴራሚክ ይለጠፍበት። ከሁለቱ በሮች አንዱ ይነሳና የጋዝ ሲሊንደሩ እዚያ ይግባ፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ቢያፈስ እንዲወጣ ከታች በኩል ቀዳዳ ይበጅለት። በቃ፣ ይኸው ነው።

አናጢዎቹ ገና ሲያዩት ፊታቸው ይቀየራል። "እህቴ፣ ይሄ አሮጌ ምን ያደርግልሻል? ለቆራሌው ስጪውና አዲስ ኪችን ካቢኔት ልሥራልሽ።" አዲሱ ከምንድን ነው የሚሠራው? ከኤምዲኤፍ። ርካሹ ደግሞ ከቺፑድ፣ በሙጫ ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ።

ኤምዲኤፍ እኮ ተፈጭቶ በሙጫ የተጠፈጠፈ እንጨት ነው። ፊቱ ያምራል። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ትንሽ ከተላቀቀ ግን ውሃ ይጠጣል። ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። የማጠፊያው ብሎን አንዴ ከላላ እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ አይነክስም። ይሄን ደሴ ላይ አስቡት እንግዲህ። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፣ የታጠበ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። በዚያ ላይ የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት አለ። ጎረቤቴ ስንት ብር አፍስሳ ያሠራችው ካቢኔት ከእቃ ማጠቢያው ስር ያለው ሰሌዳ እንደ ራሰ ዳቦ ተነፍቷል። የእኔ ቡፌ ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ ቆሞ መሳቢያው ዛሬም ሳይንቋቋ ይከፈታል። መጋጠሚያው ላይ ምስማር የለም። አንዱ እንጨት ሌላው ውስጥ ገብቶ ነው የተያዘው።

ዋንዛ ደግሞ እንደልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው ዛፎቹ እየጠፉ ስለሆነ ነው። ታዲያ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተሠርቶ ቤታችን የተቀመጠውን ለቆራሌው በሽርፍራፊ ሳንቲም እንሰጣለን?

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ የቁም ሳጥኑ ነገር ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ስንት ቤት ተራቁቶ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛም ቤት ቀላል ቀላሉ ተወሰደ። ቁም ሳጥኑ ከባድ ስለነበር ቀረ። ያንን የተረፈ እቃ የብርጭቆና የሳህን መደርደሪያ እንዲያደርግልኝ ለአንድ አናጢ ሰጠሁት። "በሮቹ ላይ መስታወት አስገባ፣ ውስጡን በመደርደሪያ ከፋፍል፣ እንጨቱን ግን አትንካው" አልኩት። እሱም "አብሽሪ" አለኝ። በሄድኩ ቁጥር "አብሽሪ፣ ነገ ይደርሳል።" ሐምሌ አልፎ፣ መስከረም አልፎ፣ አሁንም "አብሽሪ።"

በመጨረሻ ሲመጣ ነጭ የዘይት ቀለም ተቀብቶ መጣ። ነጭ! የዋንዛው መልክ ድራሹ ጠፍቷል። መሳቢያዎቹ በቺፑድ ተቀይረዋል። አሮጌዎቹስ የት አሉ ስለው "ጣልኳቸው፣ አዲስ አድርጌልሻለሁ እኮ" አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ። አያቴ ልጆቿን ስታሳድግ የከፈተችውን መሳቢያ ማን ጣል አለህ? ማን ፈቀደልህ?

ሌላም አለ። ውስጡ ላይ የነበረውን የድሮ አረንጓዴ ቀለም ሱቁ በር ላይ በደረቁ ሲፈገፍግ ነበር የከረመው፤ ልጆች እየተጫወቱ። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ለትልቅም ለትንሽም መርዝ ነው፣ ለሕፃን ደግሞ አእምሮ ይጎዳል። መጀመሪያ ውሃ እያስነኩ በእርጥቡ መፈግፈግ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ልጅ ማራቅ ይገባል። ሌላው አናጢ ደግሞ ቡፌውን አይቶ "ነቀዝ እንዳይበላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ልቀባልሽ" አለኝ። ምግብ የሚቀመጥበት እቃ ላይ!

ዘመድ አዝማዱም አላሳረፈኝም። "ሰው ምን ይላል? ያጣሽ ያስመስልብሻል" ይሉኛል። ከሩቅ እንግዳ ሲመጣ ግን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ የምናሳየው በኩራት ነው። እቤታችን ያለው የድሮ እጅ ሥራ ሲሆን ለምን ያሳፍረናል?

ኮምቦልቻም ወርጄ ሞክሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ቡፌውን በፎቶ አይተው ብቻ "የደሴ ብርድ የለመደ እንጨት እዚህ ሙቀት ሲገባ ይኮማተራል፣ ወዲያው አይነካም፣ መጀመሪያ ይረፍ" አሉኝ። ልቤ ነው የዘለለው። እንጨት የሚያውቅ ሰው! ግን የሕንፃ በር ይዘው ነበር፣ እስከ ፋሲካ ጊዜ የለኝም አሉ። ልጆቻቸው ሙያውን አልያዙም፤ ሱቁ ውስጥ የሚያግዛቸውም አንድ ሰው አላየሁም።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ከተማም ቢሆን እሄዳለሁ፣ አሮጌ እንጨት የሚያከብር አናጢ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዋጋ አልከራከርም። ቀለም አይቀባ፣ መሳቢያ አይቀይር፣ የሚያነሳትን እያንዳንዷን ቁራጭ ይመልስልኝ። ቀኑንም ቁርጡን ይንገረኝ። ሦስት ወር ከፈጀ ሦስት ወር ይበል፣ እጠብቃለሁ።