አደራ የበላት ቀን

ከዱባይ ከተመለስኩ 5 ቀኔ ነው። ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ከእህቴ ጋር ከተያየን 6 ዓመታችን ነበር። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እዚያ በቆየሁባቸው 10 ቀናት እሷ ሥራ ላይ፣ እኔ ብቻዬን ስዞር ነው የከረምነው። የመጨረሻዋን ቀን ግን አሠሪዎቿን ለምና እረፍት ወሰደች። ያቺን ቀን ስንት ጊዜ በስልክ አውርተንባታል! ጠዋት ዴራ የሚባለው ሰፈር ሄደን፣ ክሪክ የሚሉትን የባሕር ሰርጥ አብራ በምትባለው የእንጨት ጀልባ ልንሻገር። ጀልባዋ 1 ድርሃም ብቻ ናት። ከሰዓት ደግሞ እናታችን የላከችላትን ቡና እስከ በረካ ቁጭ ብለን ልንጠጣ።

ገና በጠዋቱ ስልክ ጮኸ። "ነገ ትሄዳለህ አሉ፤ ትንሽ ዕቃ ነበረችኝ፣ ኪሎ አትገፋም።" የሉማሜ ልጅ ናት። ለእናቷ ጫማና የደም ግፊት መለኪያ ልትልክ ነው። እሺ አልኩ። ከዚያ የቡሬው ደወለ። ከዚያ የፍኖተ ሰላሙ። ጭራሽ አይቼው የማላውቅ ሰው "የጎጃም ልጅ አይደለህ እንዴ?" ብሎ ሁለት ብርድ ልብስ በር ላይ አስቀምጦ ሄደ።

የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እህቴ ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ ስታወጣ፣ ስታስገባ፣ ስትመዝን ዋለች። ለልጆቼ የገዛሁት ጫማ ሳይቀር ወጣ። የአብራው ጉዞ ቀረ። ቡናው የፈላው ከመሸ ነው። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይደርስ በሩ ተንኳኳ። ሌላ ዕቃ።

እምቢ በል ትሉኝ ይሆናል። በእኛ አገር እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ውጭ አገር ደርሶ መጣና ኮራ ይባላል። ተቀብሎ አንዲት ነገር ከጠፋችበት ደግሞ አደራ በላ ነው። አደራ በላ ተብሎ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ቀና ብሎ መሄድ የለም። ሰዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ይሉኝታችን ላይ የሚጭኑት።

አንዱ በስኮች ጥርቅም አድርጎ ያሸገውን አመጣ። ክፈተው ስለው "አታምነኝም?" ብሎ ተቀየመ። ኤርፖርት ግን "ሻንጣህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው?" ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ክፉ ነገር ቢገኝበት የምታሰረውም እኔ ነኝ። ያ እሽግ ውስጥ ፓወር ባንክ ነበረበት። ፓወር ባንክ በእጅ ይያዛል እንጂ ከታች በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሰልፉ መሀል ሻንጣ ዘርግፌ ስፈልግ ሰዓቱ ሄደ። እህቴ ከማዶ ቆማ ታየኛለች። በወጉ እንኳ ሳልስማት ገባሁ። ከ6 ዓመት በኋላ!

በረራው 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከአዲስ አበባ ማርቆስ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ዓባይ በረሃ፣ ከድልድዩ ሽቅብ ደጀን። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ሳስብ የነበረው ያቺን ያልጠጣናትን ቶና ነው።

ሉማሜ ላይ የልጅቷ እናት ከጠዋት ጀምረው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ጫማውን ደረታቸው ላይ አድርገው መረቁኝ፣ አለቀሱ። ለእሳቸው ቢሆን አሥር ጊዜ እሸከማለሁ። ሌሎቹ ግን? አንዱ "አንተው አምጣልኝ" አለኝ። ሌላው ደግሞ "የስልኩ ካርቶን የታለ?"

እባካችሁ፣ ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፣ ከሳምንት በፊት ንገሩን። ሳታሽጉ አምጡት። ሻንጣው አይበቃም ስንላችሁ አትቀየሙን። ያቺን የመጨረሻ ቀን ተዉልን። እኔ ከእህቴ ጋር የነበረችኝ ያቺው አንዲት ቀን ናት።

ትናንት ማታ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። ስለ እናታችን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ ያለችኝ "ብርድ ልብሶቹን ሰጠህላቸው?" ነው።