እንደ ጅሩ ሰንጋ የደለበው ፋንክሽን

ማድለብ የጅሩ ሰው ሙያ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ደብረ ብርሃን ብቅ ብሎ አንድ የብድርና ቁጠባ ሶፍትዌር ከፍቶ ይመልከት። ጅሩዎች በሬውን ቤት ውስጥ አስረው፣ በእጃቸው እያጎረሱ፣ እንደ ልጅ ያሞላቅቁታል፤ በዓል ሲደርስ ግን ጨክነው ገበያ ያወጡታል። የኛ ፕሮግራመሮች አንጀት ከዚህ ይራራል። ፋንክሽኑን (በፕሮግራም ውስጥ ስም ተሰጥቶት አንድ ሥራ እንዲሠራ የተጻፈ የኮድ ክፍል ነው) አንዴ ካሰሩት ፋሲካ ቢመጣ እንቁጣጣሽ ቢጠባ ቢላ የሚያነሳበት የለም። ስሙ «ወለድ አስላ» ነው። ወለድ ያሰላል፣ ቅጣት ይቆርጣል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ለአባሉ ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ጳጉሜንን ይጠራጠራል። 900 መስመር ሞልቶታል፤ እድሜ ይስጠው።

አቀላለቡ ቀላል ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ «ለሴቶች ቡድን ወለዱ ይለይ» ይላሉ፤ አንድ ኢፍ፣ ማለትም «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ትዕዛዝ፣ ይጎርሳል። በሳምንቱ «ለገበሬ አባላት ቅጣቱ እስከ መኸር ይቆይ» ይባላል፤ ሁለት ኢፍና አንድ ሉፕ (ደጋግሞ የሚያሠራ ትዕዛዝ) ይጎርሳል። ሦስተኛው ትዕዛዝ ከሁለቱ ጋር ይጋጫል። ያኔ አስተዋዩ ባለሙያ ለፋንክሽኑ «ልዩ ነው ወይ» የሚል አዲስ ፓራሜትር (ሲጠራ ከውጭ የሚቀበለው መረጃ) ይጨምርለታል። እውነት ወይም ሐሰት ነው፣ ምን ችግር አለው? በዓመቱ «ልዩ ነው ወይ 2» ይወለዳል። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው።

አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ጋሼ፣ ይቺን ፋንክሽን ትንሽ ባስተካክላት ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። «የኔ ልጅ፣» ይሉታል ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እየሠራች ነው አይደል? አትንካት።» ይህን የመሰለ የምህንድስና ትምህርት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት አይገኝም።

ደስታችንን የሚያደፈርስ የፈረንጅ ምቀኛ ግን አልጠፋም። ቶማስ ማኬብ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 «ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲ» የሚባል ሚዛን ይዞ መጣ። ሚዛኑ መንገዱ ስንት ቦታ እንደሚከፈል ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ኢፍ አንድ፣ እያንዳንዱ ሉፕ አንድ፣ እያንዳንዱ ኬዝ (ከተደረደሩ አማራጮች አንዱ) አንድ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሁኔታው ውስጥ ያሉትን «እና» እና «ወይም»ም አንድ አንድ ይሏቸዋል። በድምሩ ላይ 1 ይጨመራል። ደልቦ የተቀመጠው ፋንክሽናችን 36 ውሳኔ ካለው ክብደቱ 37 ነው ማለት ነው። ማኬብ ከ10 ያለፈ ይከፈል ወይም እንደገና ይሠራ ሲል፣ 10 ተአምረኛ ቁጥር እንዳልሆነም አብሮ ተናግሮ ነበር። እኛ የሰማነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሪፖርት ላይ አይመችም።

37 ሌላም ነገር ይናገራል። በፋንክሽኑ ውስጥ አንዱ ከሌላው የማይገኝ ስንት መንገድ እንዳለ ነው ቁጥሩ የሚያሳየው፤ ስለዚህ ሁሉንም በየተራው ለመርገጥ 37 ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሙከራ) ይፈለጋል። እኛ ዘንድ ያለው አንድ ነው፤ አቶ አበበ በሶበላ 1,000 ብር ተበድረው በወሩ ይመልሳሉ። አቶ አበበ ዘግይተው አያውቁም፣ ገበሬ አይደሉም፣ የሴቶች ቡድን ውስጥም የሉም። በዚህ ጨዋነታቸው 36ቱ ኢፎች ሰላም ውለው ያድራሉ።

ሚዛኑ ግን እንከን አለው፤ እንከኑም ለኛ ጠቅሟል። ከጫጫ ደብረ ብርሃን ሜዳ ለሜዳ ሲነዱ የሚያጋጥም መታጠፊያና ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ የሚያጋጥመው ጥምዝ፣ ለማኬብ ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። አራት ኢፍ በመስመር ቢደረደሩ 5። አራቱ አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ ቢገቡም ያው 5። ሹፌሩ ግን በየትኛው እንደሚያልበው ያውቃል። «ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ» የተባለው፣ ሶናርኪዩብ በሚባለው ኮድ ፈታሽ መሣሪያ ላይ ያለው ሚዛን ይህን አይቶ ለጥልቀት ቅጣት ጨመረ። የላይኛው ኢፍ 1፣ በውስጡ ያለው 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4፤ ድምር 10። በመስመር የተደረደሩት ግን 4 ብቻ። ሶናርኪዩብ ከ15 ሲያልፍ ይጮሃል።

በተቃራኒው የ13ቱን ወራት ስም የሚመልስ ስዊች (ኬዞችን በተርታ የሚይዝ ትዕዛዝ) አለ፤ መስከረም ኬዝ፣ ጥቅምት ኬዝ እያለ ጳጉሜን የሚደርስ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ያነበዋል፤ የማኬብ ሚዛን ግን 14 ይለዋል፣ ከገደቡ በላይ። ማኬብ ራሱ እንዲህ ያለውን ከደንቡ ውጭ አድርጎት ነበር፤ በኮግኒቲቭም 1 ነው። 13 ስም የያዘ ዝርዝር ቢተካው ደግሞ በማኬብም 1 ይሆናል። አሁን የተሃድሶ ዘመቻ ሲታወጅ መጀመሪያ የሚታረደው ማን ይመስላችኋል? ይኸው ምስኪን ስዊች። አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ቁጥሩ ከ14 ወደ 1 ይወርዳል፣ ግራፉ ለአለቃ ይታያል፣ ይጨበጨባል። «ወለድ አስላ» ከበረቱ ሆኖ ያመሰኳል።

ዋናው ምስጋና የሚገባው ግን አለቃው «ከ10 በላይ አላይም» ያሉ ቀን ለሚታየው ብልሃት ነው። 36ቱ ውሳኔዎች ለአራት ይካፈላሉ፣ ለእያንዳንዱ 9። «ወለድ አስላ 1»፣ «ወለድ አስላ 2»፣ «3» እና «4» ይወለዳሉ፤ አራቱም ልክ 10! የዘመድ ድርሻ እንኳን እንዲህ አይስተካከልም። አራቱ ያለ ተራቸው ቢጠሩ ሂሳቡ ይበላሻል፤ እያንዳንዳቸው 11 ፓራሜትር ይቀባበላሉ፤ አንዱ የለወጠውን ተለዋዋጭ ሌላው በስተጀርባ ያነባል። ድምሩ ቢቆጠር ከ37 ወደ 40 አድጓል፤ እያንዳንዱ ፋንክሽን የራሱን 1 ይዞ ነው የሚመጣው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ለመከፋፈል እንኳ የሚሰንፍ ከፋይሉ አናት ላይ አንድ መስመር ጽፎ ደንቡን ያጠፋል፤ ወይም ኢኤስሊንት በሚባለው ሌላ ኮድ ፈታሽ ላይ መነሻው 20 የሆነውን ገደብ 40 ያደርገዋል። ትኩሳት ሲወጣ ቴርሞሜትሩን ማሳጠር ይሉታል እንጂ እኛስ ጥበብ እንለዋለን።

ሥራ ፈቶችም አሉ፤ ስማቸውን ባናነሳ ይሻል ነበር። እነዚህ ቁጥር ብቻ አይተው ቢላ አያነሱም። ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበት መሣሪያ) ላይ የ12 ወር ታሪክ ያወጡና የትኛው ፋይል ስንት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥራሉ፤ ከጎኑ የፋይሉን ክብደት ይጽፋሉ። ክብደቱ 60 ሆኖ ሦስት ዓመት ማንም ያልነካውን «ይተኛ» ብለው ያልፉታል፤ 37 ሆኖ በዓመት 41 ጊዜ የተነካውን ግን «ያመናል» ይላሉ። መንዞች የጓሳን የሣር ምድር ቄሮ በሚሉት የቆየ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው የሚከፍቱት ነበሩ፤ እነዚህም ከዚያ ኋላ ቀርነት አልተላቀቁም። ሁሉም ነገር በየቀኑ ቢታጨድ ምን ነበረበት?

ጊዜ አባካኝነታቸው በዚህ አያበቃም። ከመቁረጣቸው በፊት ያለፉ 200 ብድሮችን በአሮጌው ፋንክሽን አሳልፈው ውጤቱን እስከ ሳንቲሙ ይመዘግባሉ። ውጤቱ ስህተት ቢሆንም እንዳለ ይመዘግቡታል! ምክንያታቸው፣ ቅጣቱ ወለዱ ከመጠጋጋቱ በፊት ከተደመረና በኋላ ከተደመረ 1 ሳንቲም ሊለያይ ይችላል፤ ይቺ ሳንቲም ሳትታወቅ ከገባች የዓመቱ መዝገብ አይዘጋም የሚል ነው። ስህተቱን ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ኮሚት (ጊት ላይ ለብቻው በሚመዘገብ ለውጥ) ያርማሉ። ኤስኤምኤሱን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ከስሌቱ ያወጡታል፤ አለዚያ ቴስቱ በተነሳ ቁጥር እናቶች በሌሊት «ብድርዎ አልፎበታል» የሚል መልዕክት ይደርሳቸዋል። እኛ ብንሆን ሞቅ ያለ የደንበኛ ግንኙነት ነው ብለን እንተወው ነበር።

ከዚያ ሁኔታውን ይገለብጣሉ። «አባሉ ንቁ ከሆነ» ብሎ ሁሉን ነገር ሆዱ ውስጥ ከመክተት፣ «ንቁ ካልሆነ ተመለስ» ብለው ከበር ይሸኙታል፤ ጥምዙ አንድ ደረጃ ይቀንሳል። የአባል ዓይነትና የወለድ መጠን ኢፍ መሆኑ ቀርቶ ሠንጠረዥ ይሆናል። «ልዩ ነው ወይ» ይሰረዝና በምትኩ ሁለት የየራሳቸው ስም ያላቸው ፋንክሽኖች ይቆማሉ። አንድ ነገር ያወጣሉ፣ ቴስቱን ያስኬዳሉ፣ ኮሚት ያደርጋሉ፤ እንደገና። ይህንንም ሁሉ የሚያደርጉት አዲሱ ትዕዛዝ በዚያው ፋይል በኩል ሊያልፍ ሲል ብቻ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ይጠርጉና ከዚያ አዲሱን ሥራ ያስገባሉ፤ ሁለቱን በአንድ ኮሚት አያቀላቅሉም። ዘመቻ የለ፣ ባነር የለ፣ ቲሸርት የለ። እንዴት ያለ የደረቀ ሕይወት ነው!

«ሁሉንም ጥለን ከባዶ እንጻፈው» የሚሉት ጀግኖችም አይረሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለነሱ አይሠራም፤ እነሱ ቆጡንም ያፈርሱታል። በአሮጌው ኮድ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አስቀያሚ ኢፍ የአንድ ቀን ጩኸት መልስ ነበር፤ አዲሱ ሲጀመር ያ ሁሉ ጩኸት ከአንድ ይጀምራል።

እስከዚያው «ወለድ አስላ» ይቀለባል። መስመር 614 አካባቢ «ወሩ 13 ከሆነና ቀኑ ከ5 ከበለጠ ስህተት በል» የሚል ኢፍ አለ። ለአቶ አበበ በሶበላ ፍጹም ትክክል ነው። ዓመተ ምህረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው ግን፣ እንደ 2011፣ እንደ 2015፣ እንደ 2019፣ ጳጉሜን 6 ቀን አላት። በዚያች በስድስተኛዋ ቀን ለእንቁጣጣሽ በግ መግዣ ልትበደር ከመንዝ በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ጸሐፊዋ አንዴ ትጫናለች፣ ሁለቴ ትጫናለች፣ ቀና ብላም በትህትና «ሲስተም የለም፣ እማማ» ትላታለች።